የማሽን ግምትና የአቦቦ ደም

ወባ መመርመሪያን ማታለል የጀመረችው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ጤና ተቋማት ከመግባቱ በፊት ነው። በየጤና ኬላው የምናውቀው ፈጣን መመርመሪያ፣ ባለሙያዎቹ «አርዲቲ» የሚሉት፣ በጣት ደም ውስጥ ተሕዋሲውን ራሱን አይፈልግም። ሲፈልግ የኖረው ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዝርያ ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ካለ ሁለተኛዋ መስመር ትወጣለች፤ ከሌለ አትወጣም። ለዓመታት በደንብ ሠራ። ኋላ ላይ ግን ይህን ፕሮቲን የሚያመርተው ዘረመል የጎደላቸው ተሕዋስያን ተገኙ። ታማሚው በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፤ መመርመሪያው «ወባ የለብህም» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ክልሎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተካሄደ። ውጤቱ በ2021 ሲታተም፣ መመርመሪያው በዚሁ ምክንያት ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉን እንደሚስት ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይቀየር የሚለው ስሕተቱ 5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

ይህን ታሪክ አስቀድሜ ያነሳሁት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሕክምና ምን ይፈይዳል፣ ምንስ ያበላሻል ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ መግቢያ ስለማላውቅ ነው። መመርመሪያው ሲፈልግ የኖረው የበሽታውን ጠቋሚ ነበር። ጠቋሚውና በሽታው አብረው እስከሄዱ ድረስ ማንም ልዩነቱን ልብ አላለም፤ ሲለያዩ ዋጋውን የከፈለው ታማሚው ነው። በጎረቤት ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2016 ነገሩ ጎልቶ የወጣው፣ መመርመሪያው ነጻ ያለውን ደም በማይክሮስኮፕ አይተው «ይኼማ ወባ ነው» የሚሉ የላብራቶሪ ባለሙያዎች በመኖራቸው ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለውም ከሥሩ ሲታይ ጠቋሚ አንባቢ ነው። ካለፉ ብዙ ሺህ መረጃዎች ውስጥ አብረው የሚሄዱ ነገሮችን ይለያል፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው በዚያው ልክ ይገምታል። አብዛኛው ሰው የሚከራከረው ማሽኑ ከሐኪም ይበልጣል ወይስ ያንሳል በሚለው ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ማሽኑ የሚገምትበት ጠቋሚ እዚህ አካባቢ፣ በዚህ ሰው ሰውነት ውስጥ፣ ከበሽታው ጋር አብሮ መሄዱን ማን አረጋገጠ?

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ፈጥኗል። በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመው የዛሬው የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ጤናን ከትኩረት መስኮቹ አንዱ አድርጎ፣ የጡት ካንሰርን ከምስል ለመለየት የሚያግዝ ሥርዓት ላይ መሥራቱን ሲገልጽ ቆይቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን አጽድቋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ብሔራዊውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አሳልፏል። ጤና ሚኒስቴር ከዚህ ቀደም ብሎ የወረቀቱን ሪፖርት ዲኤችአይኤስ2 ወደተባለው የኮምፒውተር ሪፖርት ሥርዓት አዙሯል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙትን የቤተሰብ ማኅደርም ወደ ታብሌት ማስገባት ጀምሯል። ታብሌቱ ከደረሰ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው በታብሌቱ ውስጥ የሚቀመጥ አማካሪ ነው። ይህን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አማካሪው የሚመጣው ወዴት እንደሆነ ማየት ግን ያስፈልጋል። አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአኝዋክ ዞን ወረዳ ናት። አልዌሮ ወንዝ አለ፤ በደርግ ዘመን በሶቪየቶች ድጋፍ የተጀመረው የአልዌሮ ግድብ አለ፤ የግድቡን ውኃ ተስፋ አድርጎ በ10 ሺህ ሄክታር ሊዝ የተጀመረ ሰፊ የሩዝ እርሻ አለ። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ከደጋው እየተጫኑ የመጡ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም ድረስ በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ይኖራሉ። በእርሻ ወቅት ከሌላ ክልል ጉልበታቸውን ለመሸጥ የሚመጡ አሉ። ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል የጎግ ወረዳና የፒኝዶ የስደተኞች መጠለያ ይገኛል። ክልሉ በጠቅላላው ከ3 መቶ ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስጠጋ ሲሆን፣ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበው የክልሉ ሕዝብ ራሱ ከ3 መቶ ሺህ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም።

እንግዲህ መስከረም ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ገፋ ሲል፣ በዚህ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ትኩሳታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ደማቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቪቫክስ የተባለው የወባ ዝርያ ወደ ቀይ የደም ሴል ለመግባት በአብዛኛው ዳፊ የሚባል ተቀባይ ይፈልጋል። አብዛኛው አኝዋክና ኑዌር ይህ ተቀባይ በቀይ የደም ሴሉ ላይ የለውም፤ ከደጋ የመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ የጋምቤላ ጥናት ቪቫክስ በነባሩ ሕዝብ ላይ እምብዛም እንደማይገኝ፣ ከደጋ በመጡት ላይ ግን እንደሚበረታ ያሳየው ለዚህ ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ለማሽን የተመቸ ሕግ ይሆን ነበር። ኋላ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉትን ጨምሮ በርካታ ጥናቶች ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም በቪቫክስ እንደሚያዙ አረጋገጡ። ትናንት የታመነው ሕግ ዛሬ ቀዳዳ አለው። በትናንቱ መረጃ የተማረ ማሽን ደግሞ ካላስተማሩት በቀር ቀዳዳውን አያውቀውም።

ሕክምናው ላይ ሲደረስ ጉዳዩ ይከብዳል። ቪቫክስ ጉበት ውስጥ አድብቶ እንዳይመለስ ፕሪማኪን የተባለው መድኃኒት ለ14 ቀናት ይሰጣል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የጎደለው ሰው ግን ይህን መድኃኒት ሲወስድ ቀይ የደም ሴሉ ሊፈርስ፣ ሽንቱ ሊጠቁር፣ ለሞት የሚያሰጋ የደም ማነስ ሊይዘው ይችላል። በጋምቤላ ሆስፒታል በወባ ተጠርጣሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ የኢንዛይሙ ጉድለት ከደጋ ከመጡት ይልቅ በኑዌርና በአኝዋክ ሕሙማን ላይ እጅግ ጎልቶ እንደሚታይ አሳይቷል። በደጋው ሕሙማን መረጃ የሠለጠነ ሥርዓት «ቪቫክስ ነው፣ ፕሪማኪን ስጥ» ቢል፣ ባሕር ዳር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ይሆናል። አቦቦ ላይ ያው ምክር ሰው ሊገድል ይችላል። የኮምፒውተር ስሕተት አልተፈጠረም፤ ሥርዓቱ የተማረውን በትክክል ሠርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ብልኅ መሐንዲስ ይነሳና መፍትሔው ቀላል ነው ይላል። ማሽኑ የታማሚውን ብሔር ይጠይቅ፤ አኝዋክ ወይም ኑዌር ከሆነ ያስጠንቅቅ። በሒሳብ ረገድ አልተሳሳተም። በጋምቤላ ግን ሰው በብሔሩ ተለይቶ የተገደለባቸው ቀናት ሩቅ አይደሉም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ አኝዋኮች ላይ የደረሰውን ጭፍጨፋ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ደም ፈሷል። እንዲህ ባለ ክልል እያንዳንዱን ታማሚ ከነስሙ፣ ከነቀበሌውና ከነብሔሩ በአንድ ሰርቨር ላይ መደርደር የጤና ሥራ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዝርዝሩን ዛሬ የሚይዘው ጤና ጣቢያው ነው፤ ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ማንም ዋስ አይሆንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁም ጤናንና ብሔርን የሚመለከት መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መመደቡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ደግነቱ ከዚህ አጣብቂኝ መውጫ አለ፤ መውጫው ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደለም። ብሔር የኢንዛይሙ ጠቋሚ ብቻ ነው፤ ያውም ደካማ ጠቋሚ። አብዛኛው አኝዋክ ኢንዛይሙ አለው፤ አንዳንድ ደገኛ የለውም። ከጣት በተወሰደ አንዲት የደም ጠብታ የኢንዛይሙን መጠን በደቂቃዎች ውስጥ የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በዓለም ገበያ ላይ አለ። ሰውየውን «የማን ልጅ ነህ?» ሳይሉ ደሙን መጠየቅ ይቻላል። ለአቦቦ ጤና ጣቢያ ምን እንግዛ ተብሎ እኔ ብጠየቅ፣ ብሔር አይቶ ከሚገምት ሶፍትዌር በፊት ይህን መለኪያ እላለሁ፤ ለዚህ መልስ ብዙ ማሰብ አያስፈልገኝም።

ጠቋሚ ሲሳሳት ሀብታም አገርንም ያሳስታል። አሜሪካ ውስጥ ሚሊዮኖችን ያዳረሰ አንድ ሥርዓት ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ይመርጥ ነበር። የሕመሙን ክብደት በቀጥታ ስለማያውቅ ለሰውየው ሕክምና የወጣውን ገንዘብ እንደ ጠቋሚ ተጠቀመ። ጥቁር አሜሪካውያን በተመሳሳይ ሕመም ላይ ሆነውም የሚወጣላቸው ገንዘብ አነስተኛ ስለነበር፣ ማሽኑ ጤነኞች አድርጎ ቆጠራቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት እንዳሰላው፣ ስሕተቱ ቢታረም ለተጨማሪ ክትትል ከሚመረጡት ውስጥ የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ከፍ ይል ነበር። አሁን ይህንን ወደ ጋምቤላ አምጡት። አንድ የዕቅድ ሥርዓት መድኃኒት የሚያከፋፍለው ባለፈው ዓመት ሪፖርት በተደረገ የሕሙማን ቁጥር ከሆነ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሪፖርቷ ያልደረሰች ቀበሌ ጤነኛ ቀበሌ ትመስላለች። መንገዷ ለወራት በጎርፍ የሚቆረጥ መንደር በዲኤችአይኤስ2 ላይ ወባ የሌለባት ልትሆን ትችላለች። ማሽኑም ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ወደ ሌላ ይልካል።

የቆዳ ቀለምም አለ። በጣት ላይ ተቆንጥጦ የደም ኦክስጅንን የሚለካው መሣሪያ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕሙማን ላይ አደገኛ የኦክስጅን ማነስን ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚስት እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ታትሟል። ሳንባ ምች የያዘው የአኝዋክ ሕፃን ጣት ላይ የሚገባው ያው መሣሪያ ነው፤ ማሽኑ የሚመገበውም ያንኑ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ የፊት ምስል የሚለዩ የንግድ ሥርዓቶች የጥቁር ሴቶችን ጾታ ሲለዩ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚሳሳቱ፣ ነጭ ወንዶች ላይ ግን ስሕተታቸው ከ1 በመቶ እንደማያልፍ ስታሳይ ዓለም ተደንቆ ነበር። እኛ ግን የራሳችንን ልጅ ግኝት ለራሳችን ግዢ መስፈርት አላደረግነውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ማሽኑ አይግባ ለማለት የተነገረ እንዳይመስል፣ ጠቃሚ ወደሚሆንበት ቦታ ልግባ። የወባ ላብራቶሪ ሥራ በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጣት ደም ይወሰዳል፤ በስላይድ ላይ ወፍራምና ስስ ሆኖ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ በጊምሳ ቀለም ይነከራል፤ ይታጠባል፤ ዘይት ጠብ ተደርጎበት በመቶ እጥፍ ሌንስ ይታያል። ባለሙያው «ወባ የለም» ለማለት ቢያንስ መቶ የእይታ መስኮችን ማለፍ አለበት። ካገኘ ደግሞ ተሕዋስያኑን ከ200 ነጭ የደም ሴሎች ጋር እያነጻጸረ ይቆጥርና ለ200 አካፍሎ በስምንት ሺህ ያባዛል፤ አንድ ማይክሮ ሊትር ደም 8 ሺህ ነጭ የደም ሴል አለው ተብሎ ስለሚታሰብ። (ይህ 8 ሺህ ራሱ ግምት ነው፤ ጠቋሚ የሌለበት ሕክምና የለም።) በወባ ወቅት በአንድ ቀን በአሥሮች የሚቆጠሩ ስላይዶች ይከመራሉ። ዓይን ይደክማል፣ ሙቀቱ ያዝላል፣ መብራት ይጠፋል። ሠላሳኛው ስላይድ ላይ መቶ መስክ ቀርቶ ሃምሳም አይታይም። ዓለም ላይ እንዲህ ያለውን ስላይድ ራሳቸው እያንቀሳቀሱ ፎቶ የሚያነሱና የሚቆጥሩ ማሽኖች ተሠርተዋል። አይደክማቸውም። በደሙ ውስጥ ያለው ተሕዋሲ ጥቂት ሲሆን ግን ጥሩ ባለሙያ ይበልጣቸዋል።

ታዲያ የት ይቀመጡ? በእኔ አመለካከት ቦታቸው ከባለሙያው ፊት ሳይሆን ከኋላው ነው። በአገራችን የላብራቶሪ ጥራት ቁጥጥር ደንብ መሠረት ከየጤና ጣቢያው የተመረጡ ስላይዶች ወደ ከፍተኛ ደረጃ ላብራቶሪ ሄደው፣ የመጀመሪያውን ውጤት ባላየ ሌላ ባለሙያ ዳግም ይነበባሉ። ከአቦቦ የሄደ ስላይድ መልስ እስኪመጣ ወቅቱ ሊያልፍ ይችላል። ማሽኑ ማታ ማታ የቀኑን ስላይዶች ዳግም ቢያነብና ከባለሙያው ጋር ያልተስማማባቸውን ለጠዋት ቢያቆይ፣ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሚታረም ብዙ ነው። ልዩነቱ የአሠራር ብቻ አይደለም። ማሽኑ ከፊት ሲሆን ባለሙያው ፈራሚ ይሆናል፤ ዓይኑም ይዝጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከፖላንድ የወጣ ጥናት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዙ የትልቁን አንጀት እብጠት መፈለግ የለመዱ ሐኪሞች ማሽኑ በሌለበት ሲሠሩ እብጠት የሚያገኙባቸው ምርመራዎች ድርሻ ከ28.4 ወደ 22.4 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ፖላንድ ላይ ማሽኑ የሚጠፋው ለጥናት ሲባል ነው። አቦቦ ላይ የሚጠፋው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ማለትም ደጋግሞ። ክህሎቱን አስረክቦ ማሽኑንም ያጣ ላብራቶሪ ከመጀመሪያውም የባሰ ላብራቶሪ ነው።

የታይላንድን ነገር አለማንሳት አይቻልም። ጉግል የስኳር ሕመም ዓይንን መጉዳቱን ከፎቶ የሚለይ ሥርዓት ሠርቶ፣ በቤተ ሙከራ ከ90 በመቶ በላይ ትክክል ሆኖ፣ ወደ 11 የታይላንድ ክሊኒኮች ገባ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከተነሱት 1,838 ፎቶዎች 21 በመቶ ያህሉን ማሽኑ «ጥራት የላቸውም» ብሎ አልቀበልም አለ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነበር፣ ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ ነበር፣ ነርሶቹ ሰዓት አልነበራቸውም። ፎቶው ያልተነበበለት ታማሚ ወደ ሌላ ተቋም እንዲሄድ ተነገረው። ታይላንድ ከጋምቤላ ጋር ስትነጻጸር መንገዱም መብራቱም የተሟላላት አገር ናት። ከአቦቦ «ሌላ ተቋም ሂድ» ማለት ጋምቤላ ከተማ ሂድ ማለት ነው፤ አንዳንዴም መቱ ወይም ጅማ። የትራንስፖርቱን ዋጋ፣ የመንገዱን ጸጥታ፣ አብሮ የሚሄድ ዘመድ የሚቀርበትን የሥራ ቀን አስሉት። ማሽኑ በጥንቃቄ «አላውቅም» ሲል ወጪው ወደ ድሃው ኪስ ይዞራል።

ስለ ተናጋሪዎቹ ሥርዓቶች፣ ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ፣ ብዙ ተስፋ የሚጣለው ከኬንያ በመጣው ዜና ነው። ናይሮቢ ውስጥ ፔንዳ ሄልዝ የተባለ የክሊኒኮች ድርጅት ከቻትጂፒቲ ሠሪው ኦፕንኤአይ ጋር ሆኖ በ15 ክሊኒኮች ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ የሕክምና ጉብኝቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱን አውጥቷል። ሥርዓቱ ከሐኪሙ ጀርባ ሆኖ ስሕተት ሲያይ ያስጠነቅቃል። የምርመራ ስሕተት 16 በመቶ፣ የሕክምና ስሕተት 13 በመቶ ቀነሰ ተባለ። ሻጩም ተመራማሪውም አንድ ወገን መሆኑን ልብ እያልን፣ ውጤቱን ልናደንቀው ይገባል። ግን ናይሮቢ ላይ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ በኮምፒውተር ይጽፋል፤ ማሽኑ የሚያነበው እሱን ነው። አቦቦ ላይ ታማሚዋ በአኝዋክኛ ትናገራለች፣ አስተርጓሚ ጎረቤት ወደ አማርኛ ያመጣል፣ ባለሙያው ግማሽ እንግሊዝኛ ግማሽ አማርኛ በእጁ መዝገብ ላይ ይጭራል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የትኛው ቀለበት ነው ለማሽኑ የሚሰጠው? የሰዓቱም ነገር አለ፤ የኮአርተም ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር 8:00 ላይ ቢያስታውስና እናቲቱ በእኛ ሰዓት ብታነበው ስድስት ሰዓት ይዛባል። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ መድኃኒት የሚሠራውም የማይሠራውም ግን በእነዚሁ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

አቦቦ በዓለም የጤና ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሳበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ማሽን ስለማይደርስበት ነገር ብዙ ያስተምራል። የጊኒ ትል እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ ነበር፤ በ2024 በመላው ዓለም የተመዘገበው 15 ሰው ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻ ምሽጎቹ ጎግና አቦቦ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 አቦቦ ውስጥ በአንድ ሰፊ እርሻ ላይ ለመሥራት ከኦሮሚያ የመጡ 15 የቀን ሠራተኞች በትሉ ተይዘው ተገኙ፤ የጠጡት ያልተጣራ የኩሬ ውኃ ነበር። ትሉ ከሰው እግር ብቅ የሚለው ውኃው ከተጠጣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በውሾችና በዝንጀሮዎችም ላይ ተገኝቷል። ክትባት የለውም፤ መድኃኒት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ውስጥ እንደገና 11 ሰዎች ተያዙ፤ በ2023 እና በ2024 ግን አንድም ሰው አልተመዘገበም። ይህን ያመጣው መንደር ለመንደር የሚዞሩ በጎ ፈቃደኞች፣ የውኃ ማጣሪያ ጨርቅ፣ ኩሬ ውስጥ የሚጨመር ኬሚካልና ለጠቆመ ሰው የሚከፈል የገንዘብ ሽልማት ነው። በ15 ሰው መረጃ የሚሠለጥን ማሽን የለም። የመጨረሻዎቹ ሕሙማን ሁልጊዜ ጥቂት ናቸው፤ ለማሽን ጥቂት ማለት ምንም ማለት ነው።

ትንበያ ላይ ግን ሌላ ነው። በአማራ ክልል ኤፒዴሚያ የተሰኘ ፕሮጀክት የ47 ወረዳዎችን ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት ከሳተላይት የዝናብና የሙቀት መረጃ ጋር አገናኝቶ ወረርሽኝን አስቀድሞ የመጠቆም ሥራ ሠርቷል። ትንበያው ቢሳሳት አጎበር ያለ ጊዜው ይሄዳል እንጂ ሰው በተሳሳተ መድኃኒት አይሞትም። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት ሲያስታውቅ፣ መድኃኒቱና መመርመሪያው ከጊዜው ቀድሞ ወረዳ ላይ መድረሱ ስንት ሰው ያድን እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። ብቻ የደጋው ሞዴል ለጋምቤላ አይገለበጥም። እዚያ ወባ የዝናብን ተራ ይጠብቃል፤ እዚህ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ባሮና አልዌሮ ሞልተው ሲመለሱ የሚቀሩ ኩሬዎች አሉ፣ ግድብና መስኖ አለ፣ በየወቅቱ ወባን የማያውቅ ደም ይዞ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ አለ።

የሳንባ ነቀርሳን ከደረት ራጅ የሚለዩ ሶፍትዌሮችንም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቅዷል፤ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት። «ታሟል» የሚባልበት የነጥብ ወሰን ግን በየአገሩና በየሕዝቡ እየተፈተነ እንዲስተካከል ይመከራል። እኔ ይህን ነጥብ ከሁሉም አስበልጬ እይዘዋለሁ። ሥርዓቱ ታማኝ የሚሆነው በተሸጠበት አገር ሳይሆን በተፈተነበት ሕዝብ ላይ ነው።

ተጠያቂነቱስ? ስሕተት ሲፈጠር የመጨረሻው ፈራሚ የጤና መኮንኑ ወይም ነርሷ ናቸው። ሶፍትዌሩን የሠራው ድርጅት በውሉ ጀርባ «ይህ ምክር እንጂ ውሳኔ አይደለም» ብሎ ጽፎ ወጥቷል። የደመወዝ ጥያቄያቸውን በግንቦት 2017 ዓ.ም. አደባባይ ያወጡ የጤና ባለሙያዎች ባሉበት አገር፣ ባለሙያውን ሳያጠናክሩ በማሽን ስሕተት መጠየቅ ግፍ ነው። የታማሚው ፈቃድም ጥያቄ አለው። ስላይዱን ፎቶ አንስቶ ወደ ውጭ ሰርቨር የሚልክ ማሽን ለሚቀጥለው ምርት መማሪያ እየወሰደ ነው። በጣት አሻራ ፈርሞ ራሽን የሚቀበል ስደተኛ «አይ፣ የእኔን ደም አትጠቀሙ» የማለት አቅሙ ምን ያህል ነው? እምቢ ማለት የማይችል ሰው ፈቀደ አይባልም።

ስለዚህ የጋምቤላ ክልል ጤና ቢሮም ሆነ ጤና ሚኒስቴር አንድ ሥርዓት ተረክበው ወደ ወረዳ ከማውረዳቸው በፊት በውሉ ውስጥ ሊያስገቡት የሚገባ ነገር አለ። ሥርዓቱ ለአንድ ሙሉ የወባ ወቅት፣ ውጤቱ ለታማሚ ሳይነገር፣ በአካባቢው ሕሙማን ላይ ከባለሙያው ጎን ይፈተን፤ የስሕተቱ መጠን በደጋው ሰው፣ በአኝዋኩና በኑዌሩ ለየብቻ ይታይ፤ ይህ የሚለየው ለፈተናው በፈቃዳቸው በገቡ ሰዎች፣ ስም በሌለበት መረጃ ይሁን፤ ፈተናው እንዳበቃም ዝርዝሩ ይጥፋ። ፈተናውን ያላለፈ ይመለስ። ያለፈውም መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ይቅረብለት። ይህን መስፈርት አሟላለሁ የማይል ሻጭ፣ የውጭም ይሁን የአገር ውስጥ፣ ፊርማ ሊያገኝ አይገባም። የጂ6ፒዲ መለኪያው፣ የጊምሳ ቀለሙና ሁለተኛው የላብራቶሪ ባለሙያ ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ የለባቸውም፤ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት አሁኑኑ ይጠየቁ።